ጓንቱ በ15 ፔንስ የተሸጠ ዕለት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ ስትደውዪልኝ ድምፅሽ እንደ ወትሮው አልነበረም። እኔም «አይዞሽ» ከማለት በቀር የረባ ነገር ሳልነግርሽ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትሽ «ተነሥና ጻፍላት፤ አንተ በስልክ ማውራት አይሆንልህም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ይኸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ነገሩ እንደገባኝ ይህ ነው። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንት የሆነው ልጅ የሌላ ሸሚዝ የዋጋ ወረቀት አሳስቶ በመለጠፉ አርባ ሸሚዝ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። አለቃሽ የጥፋተኛውን ስም ጽፈሽ እስከ ሰኞ እንድታቀርቢ አዘዘሽ። አንቺ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ከሆንሽ ሦስት ወርሽ ነው። «አባዬ፣ የልጁን ስም ብጽፍ ይባረራል፤ ባልጽፍ ሥራዬን የማላውቅ እመስላለሁ» አልሽኝ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ይህንኑ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው ዓይኔ እያየ መልሶታል፤ ታሪኩ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። ሳሎናችን ውስጥ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የቆምኩት እዚያ ነው። ስለዚያ ቤት ግን በወጉ አጫውቼሽ አላውቅም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

ለንደን የገባሁት በ1970 ነው። ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ እየተማርኩ፣ ቀን ቀን ከኦክስፎርድ ጎዳና ገባ ብሎ በነበረ ባለ አምስት ፎቅ መደብር፣ በወንዶች ልብስ ክፍል ውስጥ ታናሽ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያን ጊዜ አሳቤ ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበር። ከ1974 በኋላ የሆነውን ታውቂያለሽ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

እዚያ ቤት ማንም በራሱ ስም አይጠራም። ሚስተር እገሌ፣ ሚስ እገሊት ነው፤ ያውም በቤተሰብ ስም። የእኔ የቤተሰብ ስም ብለው የመዘገቡት የአያትሽን ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ሚስተር» ብለው አያትሽን ሲጠሩ ልቤ ድንግጥ ይልና ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። አባቴ ያን ጊዜ ደሴ ነው፤ በእግሩ ለንደንን ረግጦ አያውቅም። እኔ በሩን ሳይ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቀኛል። የፎቁ ተቆጣጣሪ ሦስት ጊዜ ከታዘቡ በኋላ ወደ ጥግ ወስደው ምክንያቱን ጠየቁኝ። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንደሆነ፣ ሁለተኛው ስም የአባት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ቀኑን ሙሉ አባትህን እየጠራን ነው ማለት ነው። በስማቸው ስትጠራ ቀና ብለህ ቁም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ እንዲያ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

ስለ እኒህ ሰው ነው የምነግርሽ። የፎቅ ተቆጣጣሪ የሚባለው ሹመት ዛሬ የለም። ሥራቸው ከበሩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሰው መቀበል፣ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ወደሚፈልገው ክፍል መርቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥና ሻጩን በስም መጥራት ነው። ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ በ1909 እዚያው ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ መደብሩን ሲከፍት፣ ማንም ሰው ገብቶ ዕቃውን በእጁ እየነካ፣ ሳይገዛም ቢሆን ሲዞር እንዲውል ፈቅዶ ነበር። የእኛ ቤት ግን ያ ከሆነ ከስድሳ ዓመት በኋላም የድሮውን ደንብ አልለቀቀም። ዕቃው ከባንኮኒው በስተጀርባ በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ ደንበኛው ይጠይቃል፣ ታላቁ ሻጭ ያስተናግዳል፣ ታናሹ መሳቢያ ይስባል።

ደንቡ ብዙ ነበር። ምሳ የምንበላው በማዕረግ ነው። በደንበኞች ደረጃ መውረድ ክልክል ነው። ከ1899 ጀምሮ የአገሩ ሕግ ለሦስት ሴት ሻጮች ቢያንስ አንድ መቀመጫ ይኑር ይል ነበር፤ መቀመጫው ነበር፣ ሲቀመጡበት ግን አላየሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ተቆጣጣሪያችንም በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የተሻሉ አልነበሩም፤ አንዲት ሴት ባንኮኒው ላይ ክንዷን ካሳረፈች በዓይናቸው ያስነሷታል። እኔንም አንድ ጊዜ ቡናማ ጫማ አድርጌ ስለመጣሁ ወደ ቤት መልሰውኛል። ደግ ሰው ነበሩ ብዬ እንዳታለልሽ አልፈልግም። ጠንካራ ሰው ነበሩ።

ለስላሳ እንዲመስል ተብሎ በጥብቅ ደንብ በታሰረ ቤት ውስጥ ጉድ አይጠፋም። የመስኮት አስጌጫችን አንድ ቀን መጋረጃው ወርዶ፣ እሱም ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማውን አውልቆ በካልሲ፣ ልብስ ያልለበሰችውን የማሳያ አሻንጉሊት አቅፎ ከቦታ ቦታ ሲያዛውር ከውስጥ ሆኖ አንድ ሰው ገመዱን በስሕተት ሳበው። መጋረጃው ሽቅብ ተጠቀለለ። ፊት ለፊት አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ምስኪኑ የሚገባበት ቢያጣ እሱም እንደ አሻንጉሊት ደርቆ ቆመ፤ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ አውቶቡሱ መጥቶ ሰዉን ሁሉ እስኪጭን ድረስ። ከተሰላፊዎቹ አንዲት ሴትዮ በማግሥቱ መጥተው «የካልሲው ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ያህል ዓመት ሆኖኝ ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ።

አሁን ወደ ጓንቱ ልመለስ። ከዚያ በፊት ግን የገንዘቡን መንገድ ማወቅ አለብሽ። እኛ ሻጮች የገንዘብ ሣጥን አልነበረንም። ደረሰኙንና ገንዘቡን የጥይት ቀለህ በመሰለ የናስ ዕቃ ውስጥ ከትተን ግድግዳው ላይ ባለው ቱቦ አፍ ላይ እናስጠጋዋለን፤ አየሩ «ሹፍ» አድርጎ ይመጠውና ምድር ቤት ገንዘብ ክፍል ያደርሰዋል። እዚያ ያሉት ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን አይተው፣ ማኅተም መትተው፣ መልሱን በዚያው መንገድ ይልኩልናል። ሴትዮዋን ከፎቁ ሰው አብዛኛው አይቷቸው አያውቅም። የምናውቀው በቀይ ቀለም የሚጽፉትን የእጅ ጽሑፋቸውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ ጓንት ስትለካ ያወለቀችው የጋብቻ ቀለበት ከሳንቲም ጋር ተቀላቅሎ ተላከ። ቀለበቱ ከአፍታ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ አብሮት ያለው ወረቀት «ለዚህ የምሰጠው መልስ የለኝም» ይላል።

የእንግሊዝ ገንዘብ ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ ነው፤ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ፓውንዱ 240 ፔንስ ነው። ውድ ዕቃ ደግሞ በጊኒ ይተመናል፤ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። በብርና በሳንቲም ላደግሁት ለእኔ የመጀመሪያው ወር ጭንቅ ነበር። ከፊት ለፊታችን የጓንት ባንኮኒ ላይ የሚሠሩት ታላቅ ሻጭ ግን ፓውንድ፣ ሺሊንግና ፔንስ በሦስት ረድፍ የተጻፈን ረጅም ደረሰኝ ከላይ ወደ ታች በጣታቸው አንድ ጊዜ አስኬደው ድምሩን ይጠሩታል። ተሳስተው አያውቁም። እዚያ ባንኮኒ 31 ዓመት ቆመዋል። እንዲያ ያለ ጭንቅላት ዛሬ በየትም ቦታ አላይም።

የካቲት 15 ቀን 1971፣ ሰኞ፣ አገሩ በሙሉ በመቶ ወደሚከፈለው አዲስ ገንዘብ ተሻገረ። ባንኮች ለመዘጋጀት ሲሉ ከረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ዘግተው ነበር። ሺሊንጉ አምስት አዲስ ፔንስ ሆነ። ልጄ፣ እስቲ የእኒያን ሴት ቦታ ሆነሽ አስቢው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያካበቱት ጥበብ በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ። ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ከወረቀት በተሠራ ገንዘብ ሲያለማምዱን፣ እኔ የማልረባው ታናሽ ሻጭ ስፈጥንና እሳቸው ሲዘገዩ ሳይ አፍር ነበር። በአገሬ ገንዘብ እንዲህ እንደሚቆጠር ስነግራቸው «ታዲያ አንተ ካገርህ ይዘኸው መጥተሃል፤ እኔ ግን የራሴን እየቀሙኝ ነው» አሉኝ። ይህን አልረሳውም።

ዕለቱ ደረሰ። በጓንቱ የዋጋ ወረቀት ላይ የድሮውና የአዲሱ ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፏል፤ በግራ 15 ሺሊንግ፣ በቀኝ 75 አዲስ ፔንስ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም። የሴትዮዋ ዓይን 31 ዓመት የለመደው ግራውን ነው። «አሥራ አምስት» አሉ፤ ደንበኛዋም አሥራ አምስት አዲስ ፔንስ ቆጥራ ሰጠች። አሥራ አምስት አዲስ ፔንስ ማለት ሦስት ሺሊንግ ነው። ሒሳቡ ከደረሰኙ ጋር ስለሚገጥም ገንዘብ ክፍልም አላወቀውም።

ወሬ ክንፍ አለው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ በጓንቱ ባንኮኒ አምስት ሴቶች ነበሩ፤ አምስት ሰዓት ላይ ሰልፉ እስከ ሊፍቱ ደረሰ። ተቆጣጣሪያችን እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ሰልፉን በኩራት ሲቃኙ አየኋቸው። ሰዉ አዲሱን ገንዘብ ወደደው ብለው አምነዋል። ከእኛ ክፍል ስምንት ወንበር አስመጥተው ለተሰላፊዎቹ አደሉ። በዚያ ቤት ወንበር ሲበዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከምድር ቤት አንድ የናስ ቀለህ መጣ። በቀይ ቀለም የተጻፈው ወረቀት «ጓንቱ ረከሰ? እንግዲያው ለእኔም አንድ ጥንድ፣ ቁጥር ሰባት፣ ጥቁር» ይላል፤ አሥራ አምስት ፔንስም አብሮ አለ። የገንዘብ ያዥዋ ጥያቄ ማስጠንቀቂያ ነበር። የጓንቷ ሻጭ ግን ትእዛዝ ነው ብለው ወሰዱት። ቁጥር ሰባቱን ጥቁር ጓንት አጥፈው ቀለሁ ውስጥ ጠቀጠቁት፤ ክዳኑ በወጉ አልገጠመም። ቱቦው ሲመጠው አንድ የጓንት ጣት ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ለመጮኽ ግን አልደረስኩም። ቀለሁ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ተሰነቀረ። የአየሩ ኃይል ስለሸሸ የእኛም ቱቦ ደከመ፤ የባርኔጣውም፣ የሸሚዙም ዝም አለ። በፎቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሰጥቶ መልሱን ይጠብቃል፤ መልስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሽማግሌ «ይኸው ነው እንዴ አዲሱ ገንዘባችሁ? ሄዶ የሚቀር?» ብለው ጮኹ።

ጠጋኙ መጥቶ የግድግዳውን ሽፋን ፈትቶ ጓንቱን በጉጠት ሲያወጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ነው ገንዘብ ያዥዋ ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው የመጡት፤ ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የታሰረ ሴት። ፎቁ ሁሉ ጸጥ አለ። በሹክሹክታ ለተቆጣጣሪው ነገሯቸው። ተቆጣጣሪው የዋጋውን ወረቀት አነሡ፣ አዩት፣ አስቀመጡት። የጓንቷ ሻጭ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። 31 ጥንድ ጓንት ተሸጧል፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። ጉድለቱ 18 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ነው። ከአንድ ሳምንት ደመወዜ ይበልጥ ነበር።

ከላይ «ስም ጻፉ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ልክ እንዳንቺው።

ተቆጣጣሪው ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ንጹሑን ቅጂ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩና። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የድሮውና የአዲሱ ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም እንዲጻፍ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ሰልፉን አይቼ ምክንያቱን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ በፎቁ ላይ ያለው የድሮ ዋጋ በሙሉ በቀይ መስመር ይሰረዛል።» ከሥሩ የራሳቸውን ስም ጻፉ። የሴትዮዋ ስም የትም ቦታ አልነበረም። እኔ ወጣት ነበርኩና «ይህ እኮ እውነቱን መደበቅ ነው» ብዬ ደፍሬ ተናገርኩ። ቆጣ ብለው «ካነበብከው ውስጥ ሐሰቱ የቱ ነው?» አሉኝ። ፈልጌ አጣሁ።

ያን ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቆይተን ዋጋ ስንሰርዝ አመሸን። የጓንቷ ሻጭም አብረውን ነበሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው።

የራሴም ተራ በዓመቱ መጣ። የካቲት 1972 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ወቅት መብራት በየሰፈሩ በተራ ለሰዓታት ይጠፋ ነበር። እኛም በሻማና በፋኖስ እንሸጣለን። አንድ ሰው ለቀብር ጥቁር ሱፍ ፈልጎ መጣ፤ ለካሁት፣ ልክ ሆነለት፣ ከፍሎ ሄደ። በማግሥቱ መቃብሩ ዳር በቀን ብርሃን ሲታይ ልብሱ ጥቁር ሳይሆን ደማቅ የጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ልብሱን እንደለበሰ ሲመለስ ከሩቅ አየሁትና ጉልበቴ ከዳኝ። ተቆጣጣሪው ቀድመውኝ ሄደው «ጨርቁን ለታናሹ በቀን ብርሃን ማየት ያላስተማርኩት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ። ሰውዬውም ረጋ ብሎ «የቀበርነው አጎቴ ጥቁር ልብስ አይወድም ነበር፤ ዘመዶቼ ሁሉ ለእሱ ብዬ ያደረግሁት መስሏቸው ተቃቅፈን አለቀስን። የመጣሁት ክራቫት ልጨምርበት ነው» አለ። አረንጓዴ ክራቫት መረጥኩለት። ከዚያ ወዲያ የጠቆረ ጨርቅ ይዤ እስከ ደጃፍ ሳልወጣ ሸጬ አላውቅም፤ ከእኔ በኋላ የመጡትንም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሻይ ጋብዢውና ጥቂት ነገር ጠይቂው። ያን ዋጋ የለጠፈው በስንት ሰዓት ነው? ብቻውን ነበር ወይ? የዋጋ ማተሚያውን ማን አሳየው፣ ለስንት ደቂቃ? ሁለቱ ሸሚዞች በሣጥናቸው ላይ በምን ይለያሉ? እኔ ሣጥኖቹን አላየኋቸውም፤ አንቺ ግን ሄደሽ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እዪአቸው። አርባ ሸሚዝ እስኪሸጥ ማን ማን በዚያ እንዳለፈም አስቢ፤ አንቺም ካለፍሽ ጻፊው። የምትጽፊው ሁሉ እውነት ይሁን። አለቃሽ «ስሙስ?» ካለሽ ክፍሉ የአንቺ እንደሆነ ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል። የእኛንም ሰውዬ ተቆጥተዋቸው ነበር፤ የዚያን ዓመት የደመወዝ ጭማሪ እንዳላገኙ በኋላ ሰምቻለሁ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር አታልዬሽ ነበር።

እሑድ ስትመጪ የጻፍሽውን ይዘሽልኝ ነዪ፤ አብረን እናነበዋለን። እናትሽ ሽሮ በወፍራሙ እንደምትሠራልሽ ንገራት ብላኛለች። ልጁም እሑድ ሥራ ከሌለው ይዘሽው ነዪ፤ ፎቶግራፉን ላሳየው እፈልጋለሁ። ሜትሩ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ደህና ነው።

የሚወድሽ አባትሽ